ሆዴ ፈራ ያልሽው ቀን

(በሻርጃ በዕረፍት ቀን ለተሰበሰቡ እህቶች የቀረበ ንግግር)

ከአጅማን በአውቶቡስ የመጣችሁም፣ ከዱባይ ለሦስት ታክሲ ተጋርታችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን። «አንቺ ቆይተሻል፣ ለአዲሶቹ ስለ ፍርሃት ንገሪያቸው» ተብዬ ነው የቆምኩት። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ግን ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ስለ ፍርሃት ከሆነ አስተማሪዎቼ ብዙ ናቸው።

ከአህያ ልጀምር፣ አትሳቁብኝ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ከመርሳ ገበያ ስንመለስ መሸብን። ወንዙ ጋ ስንደርስ አህያችን ቀጥ ብላ ቆመች። ጆሮዋን አቁማ ቁጥቋጦውን ታያለች። እኔ በዱላ ልመታት ስል አባቴ እጄን ያዘኝ። «ተያት፤ እሷን የሸተታት እኛን አልሸተተንም» አለኝ። ተመልሰን ዘመድ ቤት አደርን። ጠዋት ስናልፍ የጅብ ዱካ መንገዱ ላይ ነበር።

ደመ ነፍስ የሚባለው ይህ ነው። እንስሳ ብቻ ሳይሆን ሰውም አለው። እግዚአብሔር ሲፈጥረን ጠባቂ አድርጎ ሰጥቶናል። «ሆዴ ፈራ» የምንለው እሱን ነው። እዚህ ስንመጣ ግን «እሺ ማዳም» ማለት ስለለመድን፣ ሆዳችንንም ዝም በል እያልን እናኖራለን።

እኔ አንድ ጊዜ ሰምቼው ዳንኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰምቼው ዝም አልኩ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

በሁለተኛ ዓመቴ አጅማን ሳለሁ አንድ ሰው በስልክ ያገኘኝ ጀመር። የአገሬ ልጅ ነው፣ ንግግሩ ማር ነው። «ዱባይ በወር 2,500 ድርሃም የሚከፍል ቤት አለ። ሌሊት ሻንጣሽን ትተሽ ውጪ፣ መኪና ይዤ እጠብቅሻለሁ። ለማንም ግን አትንገሪ» አለኝ። እኔ የማገኘው የዚያን ግማሽ አይሞላም ነበር። ልቤ ፈለገ፣ ሆዴ ግን ፈራ። ቆይቼ ሳስበው ያስፈራኝ ገንዘቡ አልነበረም፣ «ለማንም አትንገሪ» ያለው ቃል ነው። መልካም ሥራ ለምን ይደበቃል? አልወጣሁም።

ከእኛ ፎቅ በታች የምትሠራ ልጅ ነበረች። ቆሻሻ ስናወጣ እንገናኛለን። ያው ሰው እሷንም እንደሚደውልላት ነገረችኝ። እኔ ሆዴ የነገረኝን አልነገርኳትም። «ምቀኛ ትለኛለች» ብዬ ነው። ሄደች። ሁለት ወር ሠርታ ደመወዙን ደላላው ተቀበለው። ወረቀት የላትም፣ ከሳሽም መሆን ፈራች። ብዙ ተንከራትታ ባዶ እጇን አገሯ ገባች። እህቶቼ፣ ዛሬ እዚህ የቆምኩት በእሷ ምክንያት ነው። ሆድሽ የነገረሽን ለእህትሽ ንገሪያት። ምቀኛ ብትልሽም ንገሪያት።

አሁን «እኔ ሁልጊዜ ነው የምፈራው፣ የቱን ልስማ?» የምትለኝ ትኖራለች። ልክ ነሽ። እኔም በመጀመሪያው ቤቴ የበር ቁልፍ ድምፅ ስሰማ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰሃን የሰበርኩት ሁሉ በዚያ ሰዓት ነው። ማዳም አንዳንድ ቀን ስጦታ ይዛ ነው የምትገባው፣ እኔ ግን እንደ ጅብ ነው የምፈራት።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። እውነተኛ ፍርሃት ጣቱን ይቀስራል፤ ይህ ሰው፣ ይህ በር፣ ይህ ቃል ይላል። አጭር ነው። የድካም ፍርሃት ግን የሚያሳይሽ ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ይዞራል። «አትረቢም፣ አይሆንልሽም፣ ሁሉም ይጠላሻል» ይላል። ስትፈሪ ቆም በይና «አሁን ያየሁት ምንድን ነው? የሰማሁት ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂው። መልስ ካለው ስሚው። መልስ ከሌለው ሰውነትሽን አረጋጊው።

ሰውነት ሲደነግጥ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ ደም ወደ እግርና ወደ ክንድ ይሄዳል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል ያዘጋጅሻል ማለት ነው። ስለዚህ የልብሽ መምታት ፈሪነት አይደለም፤ ጉልበት ነው። ችግሩ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የት ይሮጣል? ጉልበቱ ውስጥሽ ይቀራል። እኔ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ አየር በአፍንጫዬ አስገብቼ ካስገባሁበት አስረዝሜ ቀስ ብዬ አወጣለሁ፤ ስናወጣ ልብ ይዘገያል። ሁለተኛ፣ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ እነክራለሁ፤ ይህም የልብ ምትን ይቀንሳል። በበጋ የቧንቧው ውሃ ራሱ ስለሚፈላ ከፍሪጅ አውጡ። ሦስተኛ፣ ምንጣፍ አራግፋለሁ ወይም ደረጃ እወጣለሁ፣ ጉልበቱ መውጫ እንዲያገኝ።

ጉልበት መቆጠብንም ሰውነት ያስተምራል። ኃይሌ ገብረሥላሴን ታውቁታላችሁ። አሰላ አካባቢ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሲሄድ ደብተር በያዘበት ክንዱ ነው እስከ መጨረሻው የሮጠው፤ ክንዱ እንደታጠፈ ቀረ። እዚህ ዱባይ ማራቶን እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2009 እና በ2010 ሦስት ጊዜ አሸንፏል። በ2008 የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን ሊሰብር መጥቶ የመጀመሪያውን ግማሽ እጅግ ፈጥኖ ሮጠ። በኋላ ደከመ። 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገባ፤ አሸነፈ፣ ክብረ ወሰኑ ግን በ27 ሴኮንድ አመለጠው። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ ሰበረው። አዲስ የመጣችሁ እህቶች፣ ማዳምን ለማስደሰት በመጀመሪያው ወር ሌሊቱን ሁሉ አትሥሩ። ውላችን ሁለት ዓመት ነው። ሩጫችን ማራቶን ነው።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ደመ ነፍሱም ይደነዝዛል፤ እውነተኛውን ፍርሃት ከውሸቱ አይለይም። ስለዚህ ዕረፍት ቅንጦት አይደለም። የዚህ አገር ሕግም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 15 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9 የተባለው፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጠናል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት አለን። ፓስፖርታችንም በእጃችን መሆን አለበት።

«ሕጉን ማን ይነግራታል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ነገርኳት። እንግዳ በመጣ ቁጥር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስሠራ ከረምኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት እየከተፍኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተለማመድኩ። ከዚያ ማዳም ሻይ ጠጥታ ደስ ባላት ሰዓት፣ ልቤ እየመታ ሄድኩ። «ማዳም፣ ለው ሰመህቲ፣ ዐብጋ አተከለም መዓኪ» አልኳት። «ካልተኛሁ ልጆቹን በደንብ መጠበቅ አልችልም፤ ስምንት ሰዓት መተኛት እፈልጋለሁ» አልኩ። ተቆጣች። እኔም እጄን አጣምሬ፣ ድምፄን ሳላነሳ ቆምኩ። አላባረረችኝም። ከሳምንት በኋላ «ካሊ ኢል መዋዒን፣ ናሚ» አለችኝ፤ ሰሃኑን ተይው፣ ተኚ ማለቷ ነው። የዕረፍት ቀኑ ግን ሦስት ወር ፈጀ። በራስ መተማመን ማለት አለመፍራት አይመስለኝም። እየፈሩ በቀስታ መናገር ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። የሚመታሽ ካለ፣ በር የሚቆልፍብሽ ካለ፣ በማይሆን መንገድ የሚነካሽ ካለ፣ እዚያ ላይ የትንፋሽ ትምህርቴን አትስሚ። ያን ጊዜ ሆድሽ ውጪ ካለሽ ውጪ። ፖሊስ 999 ነው። የሥራ ሚኒስቴር የአቤቱታ ስልክ 80084 ነው። ቁጥሩን ስልክሽ ቢወሰድ እንዳይጠፋብሽ በቃልሽ ያዢው። አብረን እንበለው፦ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ።

ጭልፊት ሲመጣ ጫጩት ብቻውን አይሮጥም፣ ወደ እናቱ ክንፍ ነው የሚሮጠው። ይህም ደመ ነፍስ ነው። ብቻችንን ስንሆን ትንሹ ነገር ይገዝፍብናል፤ ቡና አፍልተን ስናወራው ያንሳል። ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት አጠገባችሁ ካለችው ጋር ስልክ ተለዋወጡ። የምትሠራበትን ሰፈር ጠይቋት። በሳምንት አንድ ቀን «ሆድሽ እንዴት ነው?» በሏት። እኔ ያኔ ያችን ልጅ ያልጠየቅኳትን ጥያቄ ነው።

ለአገራችን፣ ለናፈቁን ልጆቻችንና ወላጆቻችን በሰላም ያብቃን።