ሞተር ሲግል ማራገቢያውንና ቺንጋውን በቤት ስለ መመርመር
(ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ርእስ ከቅባትና ከጭቃ የማይርቅ ነው። ስለ አገር ዕድገት ብዙ በሚነገርበት አዳራሽ ውስጥ ስለ ቺንጋና ስለ ማራገቢያ መናገር ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በክረምት ወራት ከመቲ ወደ ቴፒ የሄደ ሰው ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃል። ቡና የጫነ አይሱዙ ሞተሩ ፈልቶ በመንገድ ላይ ሲቆም የሚጐዳው ባለ መኪናው ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ይዞ የሚሮጠው መኪና የቆመ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ በገንዘብ የሚቈጠር አይሆንም።

ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፥ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቈየት ለብዙ ቤተሰብ ግድ ሆኗል።

በየቦታው የሚታየው ልማድ እንዲህ ነው። ሞተር ጋለ ሲባል በመጀመሪያ ራዲያተሩ ይታጠባል፤ ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል፤ ቀጥሎ አዲስ የውሃ ፖምፓ ይገዛል። ይህ ሁሉ ከተደረገና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ቺንጋው ላልቶ እንደ ነበር ይታወቃል። ይህን የሚያደርገው ያልተማረው ሰው ብቻ ቢሆን ባልተናገርሁ ነበር። እኛም በክፍል ውስጥ የሙቀትን ሕግ በፎርሙላ እየጻፍን የአባታችን መኪና ሲግል ኮፈኑን ከፍተን ሳናይ መካኒክ እንጠራለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ሞተሩ የሚግለው መቼ ነው?

በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ሙቀት ከሦስት አንድ እጁ ያህል በውሃው በኩል ወደ ራዲያተሩ ሄዶ በነፋስ መውጣት አለበት። መኪናው በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ ነፋሱን የሚያመጣው ጉዞው ራሱ ነው። በጭቃ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ሲጐተት ወይም ቆሞ ሲሠራ ግን ነፋስ የሚሰጠው ማራገቢያው፥ ጋራዦች ቬንቲሌተር የሚሉት ብቻ ነው። ስለዚህ ቆሞ ወይም ቀስ ብሎ ሲሄድ የሚግል፥ ፍጥነት ሲያገኝ የሚበርድ ሞተር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በማራገቢያው ነው። በተቃራኒው በፍጥነት ሲሄድ የሚግል ከሆነ ማራገቢያውን ተዉትና ውሃው መጕደሉን፥ ራዲያተሩ መደፈኑን፥ ፖምፓው መድከሙን ተመልከቱ። አስፋልት ላይ ደኅና የነበረ መኪና መቲ ሲደርስ ታመመ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ሕመሙ በመንገድ ላይ የጀመረ ሆኖ አይደለም፤ የደከመውን ማራገቢያ ሥራ የሚጠይቀው መንገድ ገና መምጣቱ ነው።

የከፍታም ነገር አለ። ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፥ ከባሕር ጠለል ወደ 500 ሜትር ብቻ ከፍ በምትለው በጋምቤላ ከተማ 98 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አፍኖ በመያዝ መፍያውን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ይህ ትርፍ ይጠፋል፤ ማራገቢያው ያለ ኀጢአቱ ይከሰሳል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፥ ቁልፉም ይነቀል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሣ ስለሚችል እጃችሁን ወደ ክንፎቹ አታግቡ። ሞተር ሲሠራ ነጠላ፥ ከረባትና የተለቀቀ ፀጉር ከቺንጋ ጋር አይስማሙም።

ቺንጋውን በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። የተሰነጠቀ፥ ጠርዙ የተበላ፥ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ወይም ዘይት የነካው ቺንጋ ይለወጣል። በአዲሶቹ ባለ ብዙ መሥመር ቺንጋዎች ላይ ስንጥቅ ላይታይ ይችላል፤ ቦዮቹ መበላታቸው ግን በጣት ይታወቃል። አሮጌው ባለ አንድ መሥመር ቺንጋ በሁለት ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት፤ ከዚህ እጅግ ካለፈ ላልቷል። በጣም የተወጠረም እንደ ሆነ የዲናሞውንና የፖምፓውን ኩሽኔታ ይበላል። አንዳንድ ሰው ቺንጋ አጥብቆ መወጠር ጥንቃቄ ይመስለዋል፤ ጥፋት ነው።

ቺንጋ ሲጮህ ሞተሩን አስነሥታችሁ፥ ከራቅ ብላችሁ በቦዮቹ በኩል ጥቂት ንጹሕ ውሃ ርጩበት። ጩኸቱ ከባሰ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ መላላት ወይም የወጣሪው መድከም ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ከተመለሰ ግን ፑሊዎቹ በአንድ መሥመር ላይ አልቆሙም ማለት ነው። ሳሙና፥ ሻማ ወይም ቅባት መቀባት ጩኸቱን ለአንድ ቀን ይሸፍናል፤ ቺንጋውን ግን ይገድላል።

ድምፁ ጩኸት ሳይሆን ማጕረምረም ወይም መፈጨት ከሆነ ነገሩ የኩሽኔታ ነው። ቺንጋውን አውጡና ሞተሩን ለግማሽ ደቂቃ ብቻ አስነሡ፤ ፖምፓው ስለማይዞር ከዚህ በላይ ማቈየት አይገባም። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ የዲናሞውን፥ የውሃ ፖምፓውን፥ የመሪ ፖምፓውንና የወጣሪውን ፑሊ በየተራ በእጅ አዙሩ። አንዱ ይሻክራል፥ ወይም ወዲያና ወዲህ ይነቃነቃል። በፖምፓው ሥር ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከእርስዋ የወረደ ውሃ ወይም የደረቀ ቀለም ከታየ ፖምፓው ሊሞት ተቃርቧል።

በጉዞ ላይ የባትሪው ቀይ መብራት በርቶ፥ መሪው ከብዶ፥ ሙቀቱም ከወጣ ሦስቱ በአንድነት የሚናገሩት ቺንጋ መበጠሱን ነው። ወዲያው ቁሙ። በአንዳንድ መኪና ላይ የውሃ ፖምፓው የሚዞረው በውስጠኛው የታይሚንግ ቺንጋ ስለ ሆነ ሙቀቱ ላይወጣ ይችላል፤ ቢሆንም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ነው። ቮልት መለኪያ ያለው ሰው ዲናሞውን መመርመር ቀላል ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ያህል፥ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት።

የማራገቢያው ዐይነት ሦስት ነው። ከፖምፓው ጋር በብሎን የታሰረው አሮጌው ዐይነት ቺንጋው ደኅና ከሆነ ይዞራል፤ ሌላ ምርመራ የለውም። ሁለተኛው በላንድ ክሩዘርና በብዙ ናፍጣ መኪናዎች ላይ የሚገኘው፥ በመካከሉ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ያለበት ነው፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲግል በፊቱ ያለው ጥቅልል ሽቦ ዘይቱን ይለቅቀዋል፥ ማራገቢያውም አጥብቆ ይዞራል። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲገፉት ከበድ ብሎ ቶሎ መቆም አለበት። እንደ ልጆች መጫወቻ ብዙ ዙር የሚሮጥ ከሆነ፥ ወይም በመካከሉ ዙሪያ ዘይት ከታየ ሥራው አልቋል። ጧት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ቢያጓራ ግን ጤንነቱ ነው፤ አትደንግጡ።

ሦስተኛው በትንንሾቹ አውቶሞቢሎች ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው። ሞተሩን አስነሥታችሁ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ስትከፍቱ በአብዛኛው መኪና ላይ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን እዩ፤ ቀጥሎ ሪሌውን ከጥሩንባው ሪሌ ጋር፥ ዐይነታቸው አንድ ከሆነ፥ አለዋውጡ። ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅላችሁ በሁለት ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኙት። ከዞረ ማራገቢያው ደኅና ነው፥ በሽታው ከሽቦው ወይም ከሙቀት ጠቋሚው ላይ ነው። ካልዞረ ራሱ ሞቷል። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ሳያስፈልግ የሚገዛውን የማራገቢያ ዋጋ ግን ያድናል።

በራዲያተሩ ፊት የተጣበቀውን ጭቃ፥ የሣር ፍሬና ተባይ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ እጠቡት፤ ከፊት ከመቱት ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል።

በመንገድ ላይ መርፌው ወደ ቀዩ ሲቃረብ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ለተሳፋሪው ሥቃይ ነው፥ ከሞተሩ ግን ሙቀት ያወጣል። ከቆማችሁ በኋላ ክዳኑን በሙቀቱ አትክፈቱ፤ ፊቱ የተቃጠለ ሾፌር ጥቂት አይደለም። በጋለ ሞተርም ላይ የወንዝ ውሃ አታፍስሱ፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ይችላል፥ ያን ጊዜ የአንድ ቺንጋ ጉዳይ የሞተር ጉዳይ ይሆናል። ቴርሞስታት መንቀልንም መድኀኒት የሚሉት ሰዎች አሉ። እኔ አልቀበለውም፤ ሞተሩ ሥራው የሚፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ ነዳጅ እየበላ ይኖራል፥ እውነተኛው በሽታም ይደበቃል።

የቀድሞ ሾፌሮች ቺንጋ ሲበጠስ የሴት ካልሲ ወይም ገመድ አስረው ይገቡ ነበር። ባለ ብዙ መሥመሩ ቺንጋ ይህን አይቀበልም። ስለዚህ አንድ ትርፍ ቺንጋ ከመቀመጫ ሥር ይቀመጥ። ቍጥሩ በጀርባው ላይ ታትሟል፤ 6ፒኬ1200 የሚል እንደ ሆነ ባለ 6 መሥመር፥ ርዝመቱ 1200 ሚሊ ሜትር ነው። ቍጥሩ ሳይደበዝዝ በደብተር ላይ ጻፉት፤ መለዋወጫ ከሩቅ በስልክ ሲታዘዝ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

በግቢው በር አጠገብ የቆመውን መኪና ባለቤቱ እንድንመለከተው ፈቅደውልናል። ከጧት ጀምሮ ስላልተነሣ ሞተሩ ቀዝቅዟል። ጥያቄ ያለው በዚያው በኮፈኑ ሥር ይጠይቀኝ፤ አንድ የእጅ ባትሪ ግን ያስፈልገናል።