ቦዩን ከመቅደድ በፊት

ዛሬ ስለ ትራንስፖርት ዕቅድ እናወራለን። የወረዳ መሃንዲስ ሲባል ብዙዎቻችን ግሬደርና ሲሚንቶ ይታየናል። ሥራው ግን ቀድሞ ነው የሚጀምረው፤ በትራንስፖርት ዕቅድ።

እስቲ ወደ ሀብሩ ወረዳ እንውረድ። መርሳ አካባቢ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ቦይ ከመቅደዱ በፊት ምን ያደርጋል? ማሳውን ይዞራል። የትኛው መደብ ውሃ ጠማው? ቁልቁለቱስ ወዴት ነው? ዋናው ቦይ ቢሞላም፣ ቅርንጫፉ ካልተቀደደ የዳሩ ማሳ ይደርቃል።

የትራንስፖርት ዕቅድም እንዲሁ ነው። ዋናው ቦይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በመርሳና በወልድያ በኩል መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ወልድያ ላይ ደግሞ የወረታው መንገድ ይገነጠላል። ቅርንጫፉስ? እሱ የወረዳው ጣጣ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ዩራፕ የተሰኘው የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። ታዲያ መሃንዲሱ ይጠይቃል። ወላዷ በየት በኩል ጤና ጣቢያ ትደርሳለች? ፍራፍሬው በየት ገበያ ይወጣል? ጎርፉስ የት ላይ ይሻገራል? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከባዱ ይኼ የመጨረሻው ነው። ከተራራው የሚወርድ ደራሽ ውሃ የጠጠር መንገድን በአንድ ሌሊት ሊጠርገው ይችላልና። ስለዚህ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦውና የየዓመቱ ጥገና በጀት፣ ገና ከጅምሩ በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለባቸው።