በራስ መቀለድና ራስን ማርከስ

በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንደ ልማዴ ስለ መዝገብ አላወራም፤ ስለ ሳቅ ነው የማወራው። ሳቅም ግን ገቢና ወጪ አለው።

ተጫዋች ሰው ይወደዳል። ተጫዋቿ ሴት ስትሆን ግን «ጥርሷ አይከደንም» ትባላለች። ስለዚህ ብዙዎቻችን ማንንም የማያስቀይመውን ቀልድ እንመርጣለን፤ በራሳችን እንቀልዳለን።

ፊሊስ ዲለር የምትባል አሜሪካዊት ኮሜዲያን ነበረች። የአምስት ልጆች እናት ሆና፣ በ37 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ወጣች። ጸጉሯን አንጨባርራ፣ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ በመልኳና በሙያ ቢስነቷ ታስቅ ነበር። ረጅም የሲጋራ መያዣ ከእጇ አይለይም፤ ግን አታጨስም። «ክራንቻ» እያለች የምታማው ባልም የፈጠራ ሰው ነው። ሰፊውን ቀሚስ የምትለብሰው ደግሞ ቁመናዋ ያማረ ስለነበር ነው፤ ከታየ ቀልዱ አይሠራም። ትርኢቱ ሲያልቅ አስቀያሚዋ ሴት ከቀሚሱ ጋር ትሰቀላለች። ሰው የተማረከባት በዚህ ይመስለኛል፤ በራሷ የምትቀልደው ራሷን ንቃ አልነበረም።

እኛስ? ደንበኛ ሽሯችንን ስታይ «አይ የኔ ነገር፣ እንዲያው ለሙከራ ያህል ነው» ብለን እንስቃለን። እሷም አብራን ትስቅና ዋጋ ታስቀንሳለች። ሠላሳን አልፈን ያላገባን ደግሞ ሰርግ ቤት ሌላው ሳይለን «እኔማ ቆሞቀር ነኝ» እንላለን። እነዚህ ቀልዶች እንደ ቀሚስ አይወልቁም፤ ቤታችን ድረስ አብረውን ይገባሉ። ሴት ልጆቻችንም ይሰማሉ።

ልዩነቱ በምን ይታወቃል? ያንኑ ቃል ሌላ ሰው ቢላችሁ ትስቃላችሁ? ከሳቃችሁ ቀልድ ነው። ካመማችሁ ግን ላልመጣ ስድብ የከፈላችሁት ቅድመ ክፍያ ነው፤ ተመላሽ የለውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ባዛር በጭስ በቀላው ዓይናችን፣ በርበሬ በሚያስነጥሰው አፍንጫችን እንቀልድ፣ እናስቅ። ዋጋ ስንጠየቅ ግን ቁጥሩን ሳንስቅ እንናገር።