የንብ መንጎች መመናመንና ምክንያቶቹ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ ድልድይ ሲፈርስ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጣለው ጭነት የትኛው እንደሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ ግን፣ ለየብቻቸው ሊቻሉ ይችሉ የነበሩ ጭነቶች በአንድነት መጫናቸው ነው። የንብ መንጎች መመናመንም በዚሁ ዓይን ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 መገባደጃ በአሜሪካ ንብ አርቢዎች ቀፏቸውን ሲከፍቱ እንግዳ ነገር ገጠማቸው። ንግሥቲቱ አለች፤ እጩ አለ፤ ማሩም አልተነካም። ሠራተኞቹ ንቦች ግን የሉም፤ ሬሳቸውም በቀፎው ደጃፍ አልተገኘም። ተመራማሪዎች ብዙ ቢደክሙም ጥፋቱን ለአንድ ገዳይ ብቻ ሊያሸክሙት አልቻሉም።

ከምክንያቶቹ ዋነኛው ቫሮዋ የተባለው ጥገኛ ተባይ ነው። ተባዩ ቀድሞ የሚኖረው በእስያ ንብ ላይ ሲሆን፣ ይህችው ንብ ልትቋቋመው ለምዳ ነበር። ወደ ምዕራባዊቱ ንብ በተሻገረ ጊዜ ግን መከላከያ የሌላትን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የታየው ይኸው ተባይ ንቧን ከመመገቡም በላይ ክንፍ የሚያጣምም ቫይረስ ያስተላልፋል። ሁለተኛው ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች ናቸው። ከዘሩ ጋር ተለውሰው እስከ አበባው ወለላ ይደርሳሉ፤ መጠናቸው አነስተኛ ሲሆን ንቧን ባይገድሏትም እንኳ ወደ ቀፎዋ የምትመለስበትን መንገድ ያስቷታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ከእነዚህ ሦስቱ በሜዳ እርሻ ላይ እንዳይውሉ ከልክሏል። ሦስተኛው ረኃብ ነው፤ አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ በተዘራበት ሰፊ ምድር አበባው ሲረግፍ ቀለብ ያልቃል።

በዓለም ያለው የቀፎ ቁጥር በጠቅላላው አልቀነሰም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አርቢው የሞተበትን የሚተካው የተረፈውን መንጋ እየከፈለ በመሆኑ፣ ቁጥሩ ብቻውን የጤና ምስክር ሊሆን አይችልም።

በኢትዮጵያ የጭነቱ ዓይነት ይለያል። በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ቅጠለ ሰፊውን አረም ያጠፋል። ለአራሹ አረም የሆነው ግን ለንቧ ቀለብ ነው። ደኑ ሲመነጠር ደግሞ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍና አበባው አብረው ይጠፋሉ። ባበበ ሰብል ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚረጭ ፀረ ተባይም ንቧን በሥራዋ ላይ እንዳለች ይገድላታል። ጉዳቱ በንብ አርቢው ደጅ አይቆምም፤ ኑግ ዘር የሚይዘው ነፍሳት ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ብናኝ ሲያመላልሱለት ነውና፣ መርጩ የራሱን ምርት ይቀንሳል።

ጭነቱ ብዙ ከሆነ ማቃለያውም ብዙ ነው። ርጭቱ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ በምሽት ቢደረግ፣ ጎረቤት አርቢም አስቀድሞ ቢነገረው፣ ይህ ወጪ አይጠይቅም። ነፋስ እየወሰደ ከማሳው ውጭ የሚበትነው የደቀቀው ጠብታ ስለሆነ፣ ጠብታው ጎላ እንዲል የመርጫውን ቀዳዳ ማስተካከል የመሐንዲስ ሥራ ነው። መንገድና ግድብ የሚቀይስ ባለሙያም የሚያበቅለውንና የሚቆርጠውን ዛፍ ከአበባው ጭምር ሊያሰላ ይገባዋል። ድልድይ ከመፍረሱ በፊት አንዱን ጭነት ማንሣት ፈርሶ ከመሥራት ይቀላል።