ቴሲስም እንደ ዕቃ ይገዛል እንዴ?

(ከዚህ በታች የምታነቡት ተወልደው ያደጉት መርካቶ አዲስ ከተማ የሆኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እዚያው ሠፈራቸው ባዘጋጁት ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥረነዋል።)

እናንተ ማስተርስና ዶክትሬት የምትማሩ ናችሁ። እኔ ያለኝ የኮሌጅ ዲፕሎማ ነው። ታዲያ ምን ልነግራችሁ መጣሁ? በመርካቶኛ ልንገራችሁ፤ እናንተ አምራቾች ናችሁ፣ እኔ ደንበኛ ነኝ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቆሻሻ አነሳስ ለመጻፍ ስነሳ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ የእናንተን የመመረቂያ ጽሑፎች አገላብጣለሁ። ደንበኛ ደግሞ የዕቃውን ጥሩና መጥፎ የመናገር መብት አለው።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ብዙዎቹ ከአንድ ቅርጽ የወጣ ብሎኬት ይመስላሉ። ርዕሳቸው «የእንትን ተግዳሮቶችና ተስፋዎች» ነው። መቶ መጠይቅ ይበተናል፣ ሰማንያው ይመለሳል፣ በመቶኛ ይሰላል፤ መጨረሻ ላይ «መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ተብሎ ይዘጋል። ኧረ ለመሆኑ መንግሥት ትኩረት ይስጥ ለማለት ሁለት ዓመት መማር ያስፈልጋል? ይህንንማ ራጉኤል ደጃፍ የተቀመጠው የኔ ቢጤም ይለዋል።

ጥቂቶቹ ግን ዓይን ይገልጣሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ከጥያቄው ሆኖ አገኘሁት። ጥሩዎቹ ጽሑፎች የጸሐፊውን እንቅልፍ የነሳ ጥያቄ አላቸው።

ጥያቄ ከየት ይገኛል?

የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ታውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱት ወጣት ተመራማሪ ዓድዋ ሄደው ብልሃርዚያን ያጠናሉ። የበሽታው ተህዋሲ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሆድ ነው። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተር አክሊሉ ልብ ብለው ሲያዩ፣ የእንዶዱ አረፋ በሚወርድበት በታችኛው በኩል የሞቱት ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል።

በዚያ ወንዝ በስንት ዘመን ስንቱ ሰው አለፈ! እንዶዱም ነበር፣ ቀንድ አውጣውም ይሞት ነበር። የጠፋው «ለምን?» ብሎ ቆም የሚል ሰው ነበር። መሣሪያም ገንዘብም ከጥያቄው በኋላ የመጡ ናቸው።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ መራራ ነው። ግኝቱ በዓለም መድረክ እስኪታመን ድረስ ዓመታት ፈጀ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ ሃያ አምስት ዓመት! በኋላም እንዶድ በሰሜን አሜሪካ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ባለ ዛጎል ፍጡር እንደሚገድል ሲታወቅ፣ ዶክተር አክሊሉ በምርምሩ ቢኖሩበትም፣ የፈጠራ መብቱ ባለቤት የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስለዚህ ያገኛችሁትን ነገር ቀን ጽፋችሁ መዝግቡ፣ ቅጂ አስቀምጡ፣ ከማንም ጋር ከመሥራታችሁ በፊት ውጤቱ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ። «በእምነት ነው» የሚባለው ነገር ለእቁብ ይሆናል፤ ለእቁብም ቢሆን ዋስ ይጠራል።

መርካቶን እያያችሁ ርዕስ አጣን አትበሉ

«ርዕስ አጣሁ» የሚል ተማሪ በዝቷል። እናንተ ይህን ብትሉ ያሳፍራል። ይህ ገበያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ነጋዴውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ እዚህ ካሠፈረው ወዲህ ስንት መንግሥት አሳልፏል። ከበርበሬ በረንዳ እስከ ሸማ ተራ፣ ከምናለሽ ተራ እስከ ዱባይ ተራ ብትሄዱ ጥያቄ እንደ ጆንያ ተደራርቦ ታገኙታላችሁ።

ኢኮኖሚክስ የምትማሩ፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ይተመን ከተባለ በኋላ የአንድ ቁምጣ ጨርቅ ዋጋ ከአስመጪው እስከ ችርቻሮው እንዴት እንደ ተጓዘ፣ ማን ቀድሞ እንደ ጨመረ፣ ማን እንደ ከሰረ ከናንተ የተሻለ ማን ይከታተለዋል? ዶክተር ደጀኔ አረዶ ስለ እቁብና ዕድር ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ናይሮቢ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ማኅበር ሲታተም፣ እናቶቻችን በየሳምንቱ የሚያደርጉት ነገር የዓለም ምሁራን መነጋገሪያ ሆኗል።

ምሕንድስናና የከተማ ፕላን የምትማሩ፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና በጠባቡ መንገድ መግባት እንደ ተቸገረ ሰምታችኋል። የመንገዱን ስፋት በሜትር ለክቶ፣ ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ በካርታ አስቀምጦ «በዚህ በኩል ይግባ» የሚል ጽሑፍ ከአንድ መቶ «ትኩረት ይሰጠው» ይበልጣል።

ሕግና ሒሳብ አያያዝ የምትማሩ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ጉዳይ ሱቆች ሲዘጋጉ የባለሥልጣኑንም የነጋዴውንም ጩኸት ሰምተናል። ደረሰኙ ከየትኛው እጅ ላይ እንደሚቋረጥ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው ብርቅ ነው። ጤና የምትማሩ የጫኝና አውራጁን ወገብ እዩ። ስለ አካባቢ ጥበቃ የምትማሩ ቆራሌው የሰበሰበው ጄሪካንና ቆርቆሮ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ተከተሉ። ቋንቋ የምትማሩ ደግሞ ደላላው ጆሮ ላይ ሹክ የሚለውን ቃል ሰብስቡ።

ርዕስ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። መልሱን የሚፈልግ ሰው አለ ወይ? በያዝኩት ጊዜና ገንዘብ ያልቃል ወይ? መረጃው እጄ ይገባል ወይ? ሦስተኛው ብዙዎችን ጥሏል። ርዕሱ ጸድቆ፣ ፕሮፖዛሉ አልፎ፣ መሥሪያ ቤቱ ፋይሉን አላሳይም ይላል። ስለዚህ መረጃውን አስቀድማችሁ አንኳኩ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። በቃል አትለምኑ፤ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂው ላይ አስፈርሙ። ከከለከሏችሁም መከልከሉ ራሱ ጽሑፋችሁ ውስጥ ይግባ።

ነጋዴን እንዴት ትጠይቃላችሁ?

መጠይቅ ይዛችሁ ሱቅ ስትገቡ ነጋዴው መጀመሪያ የሚያስበው «ገቢዎች ነው የላከህ?» ብሎ ነው። ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ገቢውን አትጠይቁ። የትብብር ደብዳቤያችሁን አሳዩ፣ ስሙን እንደማትጽፉ ንገሩት፣ ሻይ ጠጡ። ስለ ዕቃው ጠይቁ፤ ከየት መጣ፣ በስንት እጅ አለፈ፣ ማን ዱቤ ይሰጣል። ስለ ሰው ጠይቁት፤ «እዚህ ተራ ያለ ነጋዴ በአብዛኛው እንዴት ያደርጋል?» ስትሉት የራሱንም ያወራችኋል። የበዓል ዋዜማ አትሂዱ፤ ዓርብ ቀትር በጁምዓ ሰዓት አንዋር መስጊድ አካባቢ ያሉትን ሱቆች አታስቸግሩ። ጋሼ፣ እትዬ፣ ሐጂ ብላችሁ በሚጠሩበት ስም ጥሯቸው። እናንተ የሠፈሩ ልጆች ስለሆናችሁ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሠፈሩ ስለሚያውቃችሁ ግን አድልዎም ያመጣል፤ የአጎታችሁን ወሬ ብቻ ሰምታችሁ ገበያው እንዲህ ነው አትበሉ።

ስትጨርሱም አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፋችሁ መልሱላቸው። ነጋዴው ጊዜውን ሰጥቷችሁ የጽሑፋችሁን ሽፋን እንኳ ካላየ ለሚቀጥለው ተማሪ በሩን ዘጋችሁበት ማለት ነው።

ስለ አማካሪ አንድ ቃል። ስሙ የገነነውን ብቻ አትመልከቱ፤ ረቂቅ አንብቦ የሚመልሰውን ፈልጉ። ከእናንተ በፊት የተመረቁትን «ረቂቅህን በስንት ጊዜ መለሰልህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉን አንብቤ ልጨርስና እጽፋለሁ የሚል ሰው ደግሞ አይጽፍም። በሳምንት ሁለት ገጽ ከጻፋችሁ በዓመት መቶ ገጽ ነው። የጻፋችሁትንም በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ይቀራል።

ፎርጅዱ ጉዳይ

አሁን ወደማይወራው ነገር ልግባ። ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ በየስልክ እንጨቱ «ቴሲስ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቴሌግራም ላይም ሞልቷል። ማማከር የተባለው ጽፎ መሸጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ደግሞ ለሰው መክፈል ቀርቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ሌሊት ጽፎ ያድራል፤ የሌለ መጽሐፍም ይጠቅሳል።

የመርካቶ ልጅ ኦርጅናልና ፎርጅድ ለይቶ ያውቃል። ፎርጅድ ጫማ በክረምት አፉን ይከፍታል። ፎርጅድ ቴሲስስ? ዲፌንስ ቀን ያልፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ላይ «እስቲ ይህን አጥናና አምጣ» ትባላላችሁ። ያን ጊዜ ማንን ታማክራላችሁ? የናንተ አባቶች ጆንያ ተሸክመው፣ እናቶቻችሁ በርበሬ ቀንጥሰው ነው ያስተማሯችሁ። የሠሩበት ገንዘብ የሐሰት ጽሑፍ መግዣ ይሁን?

ጉዳዩ የግል ኃፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። የገዛ ጥናት የሌለው ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያውቀው ባለሥልጣን በቴሌቪዥን የነገረውን ቁጥር ብቻ ነው። «ኑሮ ረክሷል» ሲባል «የበርበሬ በረንዳን ዋጋ ዓመቱን ሙሉ መዝግቤያለሁ፤ አልረከሰም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ረክሶም ከሆነ «ረክሷል» የሚል። በገንዘብ የተገዛ ጽሑፍ የያዘ ሰው ይህን ለማለት አንደበት የለውም።

ገንዘብ ተቀብለው በሳምንት ውስጥ «አሳትመንልሃል» ከሚሏችሁ መጽሔቶችም ራቁ። ገምጋሚ የሌለው መጽሔት ሚዛን እንደሌለው ሱቅ ነው።

ከተመረቃችሁ በኋላ

መምህር ልሁን ትሉ ይሆናል። የከበረ ሥራ ነው፤ ደመወዙ ግን በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ሥራ እስከ ማቆም ያደረሰ ጉዳይ ነው። ይህን አውቃችሁ ግቡ። መያድ ብትገቡ ደመወዙ ይሻላል፤ ጥያቄውን የሚመርጠው ግን ለጋሹ ነው፣ ፕሮጀክቱም ያልቃል። መንግሥት ቤት ብትገቡ መረጃው ደጃችሁ ነው፤ መናገሩ ነው የሚቸግረው። የአባታችሁ ሱቅ ብትመለሱም ነውር የለበትም። ማስተርስ ያለው ነጋዴ ሒሳቡን በደብተር ከያዘ፣ ውል ማንበብ ካወቀ ትምህርቱ ባከነ አይባልም።

ውጭ አገር መሄድስ? ወለንኮሚ ተወልደው ጅማና ዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የያዙት ጉዳይ ግን የአፍሪካ ገበሬ ማሽላና ማሽላውን የሚመጠው አቀንጭራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። እግራችሁ የትም ይሂድ፣ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የትም ብትቀጠሩ ሥራውን በሦስት ነገር መዝኑት። ሁለት ዓመት ብሠራ ምን እማራለሁ? የሠራሁት ሥራ በስሜ ይወጣል ወይ? ሐሰት ፈርም ብባል እምቢ ማለት እችላለሁ ወይ? ለሦስተኛው መድኃኒቱ ቁጠባ ነው። የስድስት ወር ወጪ ያስቀመጠ ሰው አንደበቱ አይታሰርም፤ እቁብ ግቡ!

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ጥይት ተተኮሰባቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከ40 በላይ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። በኢሕአዴግ ዘመን ስንቱ ምሩቅ የፓርቲ መታወቂያ ስላልያዘ በር ተዘጋብኝ ሲል እንደ ኖረ ታውቃላችሁ። ወንበር በደብዳቤ ይነጠቃል። የፕሮፌሰር አሥራትን የቀዶ ሕክምና ዕውቀት የሚነጥቅ ደብዳቤ ግን ተጽፎ አያውቅም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ወረቀቱን ያዙ፣ እሰየው! ነገር ግን ከወረቀቱ ጋር ራሳችሁ ጠይቃችሁ ራሳችሁ የመለሳችሁት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ። እሱን ማንም አይሸጥላችሁም፣ ማንም አይቀማችሁም። እኛ ደንበኞችም ጽሑፋችሁን ለማንበብ ደጅ ቆመን እንጠብቃለን።