ግሉተን የሌለበትን ምግብና መድኃኒት ስለ መለየት፦ በጎጃም ደጋ
(ለመድኃኒት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)



በጎጃም ደጋ ሰው ሲታመም አስቀድሞ የሚታሰብለት እህል ገብስ ነው። ሆዱ ለታወከ አጥሚት ይሞቅለታል፤ ለከሳ በሶ ይበጠበጥለታል፤ ለወለደች ገንፎ ይገነፋላታል። «ገብስ የእህል ንጉሥ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ላይኛው ቁር ድረስ ሕዝቡን ያኖረ እህል ነውና። ይህ ልማድ ለብዙው ሕመምተኛ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ይሁን እንጂ ማስታመሚያው ራሱ የሚያሳምመው አንድ ዓይነት ሕመምተኛ አለ፤ ይህ ንግግር የሚመለከተውም እርሱን ነው።

ሕመሙ ሴሊያክ ይባላል። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ በሚገኘው፣ በአጠቃላይ ስሙ ግሉተን በሚባለው ፕሮቲን ምክንያት የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ቀጭን አንጀት ይወጋል። ምግብ የሚመጥጡት የአንጀት ጥቃቅን ጣት መሰል ክፍሎች ይረግፋሉ፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል። ተቅማጥና የሆድ መነፋት የታወቁት ምልክቶች ሲሆኑ፣ በአንዳንዱ ላይ ግን ሆዱ ዝም ብሎ የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት ወይም የልጅ ቁመት መቀንጨር ብቻ ይታያል። ለበሽታው እስከ ዛሬ የታወቀው ሕክምና ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

የዚህ ምሥጢር መገለጥ ከረኃብ ጋር የተያያዘ መሆኑ ያስገርማል። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ስንዴን መጠርጠር የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት አገሩ በጦርነት ተከባ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሕዝብ ሲራብ የሴሊያክ ሕፃናት ደኅና ሰነበቱ፤ ዳቦው ሲመለስ በሽታቸውም ተመለሰ። ዲከም እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ጉዳዩን አረጋገጠ።

በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት ይገመታል። በአገራችን በአዳማና በአካባቢዋ የተደረጉ የደም ምርመራ ጥናቶች ቍጥሩ ከአውሮፓ ያነሰ ቢሆንም ሕመሙ መኖሩን አሳይተዋል። ለማነሱ አንዱ ምክንያት የሕዝቡ ዘር ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ግን በእንጀራው ውስጥ ያለ ነው። አብዛኛውን ቀን ጤፍ የሚበላ ሰው በሽታውን ይዞ ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል፤ ልጆቹ ከተማ ገብተው በዳቦ፣ በማካሮኒና በብስኩት ማደግ ሲጀምሩ ግን የተደበቀው ይገለጣል። የደሙም ምርመራ ቢሆን ግሉተን በማይበላ ሰው ላይ ውሸት ሊናገር ስለሚችል፣ የተጠረጠረ ሰው ከመመርመሩ በፊት «ስንዴና ገብስ ተው» መባል የለበትም። ይህ ስሕተት በቅን ልቡና ይፈጸማል፤ ምርመራውን ግን ያበላሻል።

እዚህ ላይ የመድኃኒት ባለሙያው ዓይን ከሐኪሙ ባልተናነሰ ይጠቅማል። ለወራት የብረት ክኒን እየተመላለሰ የሚወስድ፣ ደሙ ግን የማይመለስለት ሰው በመስኮቱ በኩል ይታያል። ለምሳሌ ያህል ከጮቄ አቀበት፣ ከስናን ወገን የመጣ አንድ ሕፃን ይታሰብ። በጣም ከስቶ ፕላምፒ ነት ይሰጠዋል። ይህ ምግብ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የሚሠራ እንጂ ስንዴም ገብስም የለበትም። ሕፃኑ ያገግማል፤ ወደ ቤቱ ተመልሶ በገብስ አጥሚት ወይም ስንዴ በሚገባበት የፋፋ ዱቄት ሲመገብ እንደገና ይከሳል። ለእንዲህ ያለው መመላለስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠሩት ድህነት፣ ጃርዲያና የሳንባ ነቀርሳ ናቸው፤ በእነዚህ ካልተገኘ ግን የእህሉ ዓይነት ይጠየቅ።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ለጎጃም ሰው ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ «ጤፍ ብላ» ይባላል። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የላይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን እንደሌለባቸው በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ዓለምም ጤፍን አወቀ፤ አልፎ ተርፎ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ነገር የለበትም ብሎ እስኪሽረው ድረስ። ነገር ግን በላይደን የተመረመረው ጤፍ ንጹሕ ጤፍ ነበር። በደብረ ማርቆስ ገበያ ተገዝቶ፣ በወፍጮ ቤት ተፈጭቶ፣ በቡሃቃ ተቦክቶ ሞሶብ ላይ የሚቀርበው እንጀራ ንጹሕ ጤፍ መሆኑን የእህሉ ስም ብቻ አያረጋግጥም።

በመጀመሪያ ጤፍ በሁሉም ቦታ የለም። በደጀንና በእነማይ ጥቁር አፈር ላይ የሚበቅለው ጤፍ ወደ ላይኛው ጮቄ አይወጣም፤ በዚያ የሚበቅሉት ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ናቸው። ስለዚህ «ጤፍ ብላ» የተባለው የደጋ ገበሬ የራሱን ገብስ ሸጦ በውድ ዋጋ የቈላ ወይም የወይና ደጋ እህል ግዛ መባሉ ነው። ለዚህ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ከገዛ ጓሮው የሚወጣው ድንች መሆኑን የሚነግረው ያስፈልገዋል። በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላና ሩዝም ግሉተን የለባቸውም፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ኑግና ተልባም እንዲሁ። ጓያም ግሉተን የለበትም፤ ይሁንና ሲበዛ እግር ሽባ እንደሚያደርግ አገሩ ያውቀዋል፤ ግሉተን የለበትም ማለት ጉዳት የለበትም ማለት አይደለምና።

እንግዶን በሚመለከት ጥንቃቄ ያሻል። ከአጃ ወገን በመሆኑ ንጹሑን ብዙዎቹ ሕሙማን ይችሉታል፤ ዳሩ ግን ከገብስ ጋር ተደባልቆ የሚበቅል ስለሆነ በጎጃም ደጋ ንጹሕ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ትሪቲካሌ የተባለውም አዲስ እህል የስንዴና የራይ ድቅል በመሆኑ፣ ስሙ ስንዴ አይደለም ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

ጤፉ ሲገኝ ደግሞ ዋናው ነገር የሚለየው በምን ደረጃ ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው። በአንድ አውድማ ላይ ስንዴም ጤፍም ስለሚወቃ ቅልቅል አይቀርም። ሆኖም ተፈጥሮ እዚህ ላይ ትረዳለች። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ያህል ሲመዝን አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ ከ30 ግራም ይበልጣል። ጤፉ በወንፊት ሲነፋ ጤፉ ያልፋል፤ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ይህን ማንኛዋም የጎጃም ባልቴት ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች። እህሉ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን የሚለየው ወንፊት የለም። ስለሆነም ሕመምተኛው የተፈጨ ዱቄት ከገበያ ከመግዛት ይልቅ ጤፉን በፍሬው ገዝቶ፣ ነፍቶና ለቅሞ ማስፈጨት አለበት። የተጋገረ እንጀራ ከመግዛትማ መቈጠብ ይሻላል፤ ገብስ ወይም ፉርኖ ዱቄት ተቀላቅሎበት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም።

ወፍጮ ቤቱ ሌላው ፈተና ነው። ከፊት ስንዴ ያስፈጨ ካለ ዱቄቱ በድንጋዩና በመውረጃው ውስጥ ይቀራል። የአንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ግሉተን 80 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጣልያን ጥናት እንዳሳየው በየቀኑ 50 ሚሊግራም ለሦስት ወራት መውሰድ አንጀትን ለመጉዳት ይበቃል። እንግዲህ ከወፍጮው ሥር የሚቀረው እፍኝ ዱቄት ቀላል አይደለም። ጤፍ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ ተራ መያዝ፣ ከራስም ጤፍ መጀመሪያ የሚወርደውን ለሌላው ቤተሰብ ለይቶ ማስቀመጥ የሚቻል ነገር ነው። በቤት ውስጥ የእጅ ወፍጮ ካለ ለሕመምተኛው ብቻ ቢተው መልካም ነው።

ከወፍጮ ወደ ቡሃቃ ሲመጣ እርሾው ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ጤፍና ገብስ ከተቦካበት የተቀመጠ እርሾ የገብሱን ግሉተን ይዞ ወደ ንጹሑ ጤፍ ይገባል። አንዳንዶች እርሾው ገብሱን ስለሚበላው ጉዳቱ ይጠፋል ይላሉ፤ ይህ እውነት አይደለም፤ መብላላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አዲስ እርሾ ከጤፍ ብቻ ማዘጋጀት፣ ቡሃቃና ወንፊትም መለየት ያስፈልጋል።

ጠላ በዳጉሳም ተጠመቀ በበቆሎ፣ ብቅሉ የገብስ ወይም የስንዴ ስለሆነ የተከለከለ ነው። አረቄ ግን ሲወጣ ፕሮቲኑ ከድስቱ ስለሚቀር ግሉተን አያልፍበትም፤ ይህ ማለት ግን ለተጎዳ ሆድ የሚመከር መጠጥ ነው ማለት አይደለም። ቡና ሲጠጣ የሚቀርበው የገብስ ቆሎ፣ በማኅበርና በተዝካር የሚቈረሰው ድፎ ዳቦ ከሕክምናው በላይ የማኅበራዊ ኑሮ ጭንቅ ናቸው፤ የጎረቤትን እጅ መመለስ በአገሩ ባህል ነውር ነውና። የቅዱስ ቍርባኑ ኅብስት ከስንዴ የሚዘጋጅ መሆኑም አማኙን ሕመምተኛ ያስጨንቀዋል። ይህ በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚፈታ አይደለም፤ የባለሙያው ድርሻ የሕመሙን ጠባይ በግልጽ ማስረዳት ሲሆን ቀሪው ከንስሐ አባቱ ጋር የሚመከርበት ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ክኒን ከፈዋሹ ንጥረ ነገር ሌላ ቅርጹን የሚይዝበትና በሆድ ውስጥ የሚፈርስበት ስታርች አለው። ስታርቹ አብዛኛውን ጊዜ የበቆሎ ወይም የድንች ነው፤ አልፎ አልፎ የስንዴ ይሆናል። በማብራሪያ ወረቀቱ ላይ «ስታርች» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ምንጩ አይታወቅም፤ አምራቹን መጠየቅ ይገባል። ስማቸው የሚያስደነግጥ ነገር ግን ንጹሓን የሆኑም አሉ፤ ማልቶዴክስትሪንና ማኒቶል ከብቅል ጋር የሚያገናኛቸው ጉዳይ የለም። በአንጻሩ የብቅል ጭማቂ የገባበት የጉልበት ሽሮፕ ደኅና መስሎ ይታለፋል። በጠላ ወይም በበሶ ተበጥብጦ የሚሰጥ የባህል መድኃኒትም እንዲሁ መጠየቅ ያለበት ነው።

ይሁን እንጂ የመጠኑ ነገር በሚገባ ይታይ። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ በስንዴ ስታርች ውስጥ የሚፈቅደው ጠቅላላ ፕሮቲን ከ0.3 በመቶ አይበልጥም። ክኒኑ 100 ሚሊግራም የስንዴ ስታርች ቢኖረው እንኳ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ሁሉ ቢደመር ከ0.3 ሚሊግራም አያልፍም ማለት ነው። ከአንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ጋር ሲነጻጸር ከሁለት መቶ እጅ በላይ ያንሳል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች.አይ.ቪ. ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ግሉተን ይኖርበት ይሆናል» በሚል ፍርሃት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ፣ ከትንሹ ሸሽቶ በትልቁ ይወድቃል። የሚሻለው መድኃኒቱን እየወሰደ ሌላ አምራች ያዘጋጀው ካለ እንዲፈለግለት ነው። ክኒን ፈርቶ ጠላ የሚጠጣ ሕመምተኛ ካለ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ መጠኑን ያልነገረውም ይጠየቅበታል።

ችግሩ ክኒኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ታሪኩ መጥፋቱ ነው። ከትልቅ ዕቃ እየተቈጠረ በትንሽ ከረጢት የሚሰጠው ክኒን ስሙንና አወሳሰዱን እንጂ ማብራሪያውን ይዞ አይሄድም። ከዚህም በላይ ዘንድሮ ከአንድ አምራች የመጣው መድኃኒት በሚቀጥለው ግዢ ከሌላ አምራች ይመጣል፤ ስሙ ያው ሆኖ ስታርቹ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተጣርቶ «ደኅና ነው» የተባለው ለዘለዓለም ደኅና አይደለም።

በዚህ ረገድ በአገር ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ሊረሳ አይገባም። ፕሮፌሰር ፅጌ ገብረ ማርያም ከጀርመናዊው ሽሚት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 የእንሰት ስታርችን አውጥተው ጠባዩን አጥንተዋል፤ ለክኒን ማያያዣነትና ማፍረሻነት ተስማሚ መሆኑም በተከታታይ ሥራዎች ታይቷል። ቡላ የሚወጣበት ይኸው ተክል ስንዴም ገብስም አይደለም። የአገር ውስጥ ፋብሪካ ይህን ቢጠቀምበት የስታርቹ ምንጭ በግልጽ የሚታወቅ ክኒን ይገኝ ነበር።

እስከዚያው ድረስ ግን ከሕመምተኛው ካርድ ጀርባ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ የአምራቹ ስም፣ የስታርቹ ዓይነትና የተጣራበት ቀን ቢጻፍ ብዙ ድካም የለበትም። መድኃኒቱን በሚቀጥለው ወር የሚያድለው ሰው ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ጽሑፉ በሚነበብ እጅ ይሁን።