ስቡ ሲፈርስ

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ ሉማሜ ውስጥ የጤፍ አጨዳ ላይ የነበረ ጎረምሳ ድንገት ቢከሳ፣ ውኃም አልበቃው ቢል፣ «የሰው ዓይን ነው» ይባላል።

አቅራቢ 2፦ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ወንድሜ። ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን የስብ ጎተራ ጠባቂ ነው። እሱ ሲጠፋ ስቡ እየፈረሰ ደም ውስጥ ይገባል፤ ጉበትም ኪቶን ወደሚባል አሲድ ይለውጠዋል።

አቅራቢ 1፦ ትንፋሹ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸተው ለዚያ ነው?

አቅራቢ 2፦ አዎ። ከዚያ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቁና ቁና መተንፈስ ይመጣል። ያኔ ጠበል ከመሄድ በፊት ሐኪም ቤት! በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የኢንሱሊን መርፌ እስኪወጋ ድረስ ከዚህ የሚተርፍ እምብዛም አልነበረም።

አቅራቢ 1፦ መርፌውን የሚወጋ ሰው ጾም ሲገባበትስ?

አቅራቢ 2፦ አልበላሁም ብሎ መርፌውን ጨርሶ መተው ስቡን መልቀቅ ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ይጠይቁት።